ቁናውን ትቶ ሚዛን መያዝ፦ ከዩኒቨርሳል አናሊቲክስ ወደ ጉግል አናሊቲክስ 4 ለመዛወር ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ድረ ገጹ ላይ የክፍል ዋጋ እንድቀይርላቸው ጠርተውኝ ቡና እየተፈላ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «ድሮ በየወሩ መጀመሪያ ስንት ሰው ድረ ገጹን እንዳየው የሚናገር ወረቀት በኢሜይል ይመጣልኝ ነበር። ድንገት ቀረ። ሰው ጠላን እንዴ?»

ሰው አልጠላቸውም። የሞተው ቆጣሪው ነው።

ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ የሚባለው የጉግል አሮጌ ቆጣሪ ከሰኔ 24 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023) ጀምሮ አዲስ መረጃ መቀበል አቆመ። በዓመቱ፣ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ጀምሮ፣ መግቢያው ተዘጋ፤ የተጠራቀመው መረጃም ጠፋ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ዓመት ለሌላው ዓለም የመዛወሪያና የድሮውን የማውረጃ ጊዜ ነበር። እኛ ጋ ግን አሮጌው ቆጣሪ ከቆመ ወር ገደማ ቆይቶ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራትም አልተመለሰም። ሰው ከቤተሰቡ ጋር መገናኘት ያቃተው ጊዜ ስለ ድረ ገጽ ቆጣሪ ማን ያስባል? ሲመለስ ጊዜው አልፏል።

ለዚህ ነው ዛሬም ከደጀን እስከ ባሕር ዳር የማያቸው ብዙ ድረ ገጾች ውስጥ አሮጌው ኮድ እንደተለጠፈ የማገኘው። ኮዱ በየጎብኚው ስልክ ላይ ይጫናል፣ መልእክት ይልካል፣ የሚቀበለው የለም። ሰው የለቀቀውን ቤት በር ማንኳኳት ነው። ያውም በጎብኚው ዳታ።

መዛወሩ ከባድ አይደለም። ኮድ መቀየሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጊዜ የሚወስደው ምን እንደምትቆጥሩ መወሰኑ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ዘሎ ኮዱን ብቻ ይቀይርና ከሦስት ወር በኋላ «ይሄ አዲሱ ነገር አይገባም» ይላል።

መጀመሪያ መስፈሪያው መለወጡን እወቁ

የአዴት ጤፍ በቁና ሲሸጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ቁናው ያው ቁና ነው፤ ሰፋሪው ግን ይለያያል። አንዱ ቆልሎ ይሰፍራል። ሌላው በእጁ ጠርጎ ልክ ከአፉ ላይ ያቆመዋል። ሚዛን ሲመጣ ታዲያ አምና በቁና የሰፈራችሁትንና ዘንድሮ በኪሎ የመዘናችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ምርቱ ቀነሰ» ማለት አትችሉም።

አሮጌው አናሊቲክስ መስፈሪያው «ሴሽን» ነበር፤ ጉብኝት እንበለው። ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያለው አንድ ጉብኝት ነው፤ ያየው ገጽ፣ የተጫነው ነገር በዚያ ሥር ይመዘገባል። ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ጉብኝቱን ቆርጦ አዲስ ይጀምር ነበር። አምስት ለስድስት ላይ ገብቶ ስድስት ከአምስት ላይ የወጣ ሰው ሁለት ጉብኝት ይሆናል። በመሃል በሌላ ማስታወቂያ ሊንክ ተመልሶ ቢገባም እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር። አዲሱ ሁለቱንም አያደርግም። ስለዚህ ጎብኚ ሳይጎድል የጉብኝት ቁጥራችሁ ዝቅ ሊል ይችላል።

አዲሱ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2013 (ኦክቶበር 14 ቀን 2020) የወጣው ጉግል አናሊቲክስ 4፣ መስፈሪያው «ኢቨንት» ነው፤ ድርጊት ማለት። ገጽ መክፈት ድርጊት ነው። ወደ ታች መውረድ ድርጊት ነው። የስልክ ቁጥር መጫንም እንደዚያው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይመዘገባል፤ ዝርዝሩ ደግሞ «ፓራሜትር» በሚባል ተቀጥላ አብሮ ይመጣል።

ይህ ለውጥ ለእኛ ይበጃል ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዱ እንግዳ የማረፊያውን ገጽ ከፍቶ አምስት ደቂቃ ዋጋና ፎቶ አየ። ከዚያ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ደወለና ክፍል ያዘ። አሮጌው ቆጣሪ ይህን ሰው «ባውንስ» ይለዋል። አንድ ገጽ ብቻ አይቶ ስለወጣ ማለት ነው። እንጀራችሁን የሚያበላችሁ ደንበኛ እንደ ከሸፈ ጉብኝት ተመዘገበ! አዲሱ ግን ጉብኝቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ ከታየ፣ ወይም ቁልፍ ያላችሁት ድርጊት ከተፈጸመ «ኢንጌጅድ» ይለዋል። ባውንስ ሬት አሁንም አለ። ትርጉሙ ግን ተገልብጦ ከዚህ መስፈርት የወደቁት ድርሻ ሆኗል። ስሙ አንድ፣ ነገሩ ሌላ።

1. ባለቤቱ ማን እንደሆነ አጥሩ

ከኮድ በፊት ይህን። ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ሱቅ ስሠራ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የቀድሞው ሠሪ አናሊቲክሱን በራሱ ጂሜይል ነበር የከፈተው። ሰውየው አገር ለቋል፤ ስልኩም አይሠራም። ባለሱቁ የራሱን ሱቅ ቁጥር ማየት አይችልም። ለምነን ለምነን ተስፋ ቆርጠን ከዜሮ ጀመርን።

ስለዚህ ለድርጅቱ የራሱ የጉግል አካውንት ይኑረው። የይለፍ ቃሉን ባለቤቱ ይያዝ። አናሊቲክሱ የሚከፈተው በዚህ ነው። እናንተ ሠሪዎች በአድሚን ገጽ በኩል እንደ «ኤዲተር» ትጨመራላችሁ፤ ቁጥር ለማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው «ቪወር» ይበቃዋል። «አድሚኒስትሬተር» ቢያንስ ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ ስልኩ ቢሰረቅ ሌላው ይኖራል።

2. ከድሮው የተረፈውን ሰብስቡ

ከጉግል የሚገኝ የለም። ግን ተስፋ አትቁረጡ። አሮጌው ቆጣሪ ሪፖርት በፒዲኤፍ ወይም በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) በየጊዜው በኢሜይል እንዲልክ ማድረግ ይቻል ነበር። እናታችን የናፈቋቸው ወረቀት ይኸው ነው። ኢሜይላቸው ውስጥ «አናሊቲክስ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጌ የቆዩ ፒዲኤፎች አገኘሁ። ሰው የማይከፍተውን ኢሜይል አለመሰረዙ እንዲህ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ቦታ ሰርቨሩ ነው። ድረ ገጻችሁ ሲፓነል (የሰርቨር መቆጣጠሪያ ገጽ) ባለው ሆስቲንግ ላይ ከሆነ «ኤደብሊውስታትስ» የሚባል የሰርቨር ቆጣሪ የወር ድምር ይዞ ሊሆን ይችላል። እሱ ማሽን ከሰው በደንብ አይለይም፤ ቁጥሩ ያብጣል። ቢሆንም የትኛው ወር ሞቅ እንደሚል ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የእንግዳ መቀበያው መዝገብ ነው። ስንት ሰው ደወለ፣ ስንት ሰው አደረ። የዓመታት መዝገብ በእጅ ጽሑፍ እዚያው አለ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና በወር በወር ደምሩት።

3. ኮምፒውተሩን ዝጉና ጠይቁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እናታችንን «ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ስላቸው መልሳቸው «ስንት ሰው ገባ» ነበር። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው። «ሺህ ሰው ገባ ብልዎት ነገ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «የሚደውልልኝ ሰው ከየት እንዳገኘኝ ባውቅ፣ እዚያ ነበር ብሬን የማወጣው» አሉ።

ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለው ነው። መልሱ ሲገኝ የምታደርጉት ነገር አለ።

ከዚያ ተነስተን የሚቆጠሩትን ጻፍን። ስልክ ቁጥሩን መጫን። የቴሌግራም ምልክቱን መጫን። የክፍል መጠየቂያ ቅጹን ሞልቶ መላክ። የዋጋ ዝርዝሩን ፒዲኤፍ ማውረድ። የዘጌ ጀልባ ጉዞ ገጽን ማየት። አምስት ነገር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብር ያመጣሉ፤ የቀሩት ፍላጎት ያሳያሉ። በአሮጌው ቆጣሪ ሃያ ነገር ትከታተሉ ከነበረ ሃያውንም ተሸክማችሁ አትምጡ። ቤት ስትቀይሩ የተሰበረ ወንበር አትጭኑም።

4. አዲሱን መክፈት

በድርጅቱ አካውንት ወደ ጉግል አናሊቲክስ ግቡ። መጀመሪያ አካውንት፣ በሥሩ «ፕሮፐርቲ» (የድረ ገጹ የመረጃ ማኅደር)፣ በፕሮፐርቲው ሥር «ዳታ ስትሪም» (መረጃው የሚገባበት መስመር) ትፈጥራላችሁ። በአሮጌው ከፕሮፐርቲ ሥር «ቪው» የሚባል ነበር፤ አሁን የለም፣ አትፈልጉት። ለድረ ገጽ «ዌብ» የሚለውን ስትሪም ምረጡ፣ አድራሻውን አስገቡ። በጂ የሚጀምር መለያ ቁጥር ይሰጣችኋል። የድሮው በዩኤ ነበር የሚጀምረው። ገጻችሁ ውስጥ በዩኤ የሚጀምር ካያችሁ ያ የሞተው ነው።

የሰዓት ክልሉን አትለፉት። ሳትነኩት ካለፋችሁ የሩቅ አገር ሰዓት ሊይዝ ይችላል። የእኛ ጠዋት እዚያ የትናንት ማታ ሆኖ የቀን ቁጥራችሁ ሁሉ ይዘበራረቃል። ኢትዮጵያን፣ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመውን፣ ምረጡ። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ የሚስተካከለው ግን ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ብቻ ነው።

5. ኮዱን መትከል

ሦስት መንገድ አለ። ድረ ገጹ በወርድፕረስ ከሆነና ከገጽ ቆጠራ ብዙም የማትርቁ ከሆነ የጉግል የራሱ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) «ሳይት ኪት» ይበቃችኋል። ኮድ ራሱ ይለጥፋል። ስልክና ቴሌግራም መቁጠር ከፈለጋችሁ የቆጠራ ኮዶችን ባንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን «ጉግል ታግ ማኔጀር» ተጠቀሙ፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሦስተኛው ኮዱን በእጅ በየገጹ ራስጌ ውስጥ መለጠፍ ነው።

አንዱን ብቻ ምረጡ። ሳይት ኪትም ታግ ማኔጀርም ያንኑ መለያ ቁጥር ቢልኩ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት እጥፍ ሲሆን ሰው ይደሰታል፣ እኔ እጠረጥራለሁ።

አሮጌውን ኮድ በዚያው ቀን አውጡ። አንዳንዴ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በቴሙ ራስጌ፣ በፕለጊን ውስጥ፣ ሠሪው በረሳው የግርጌ ፋይል ውስጥ ይገኛል። የገጹን ምንጭ ኮድ ከፍታችሁ በዩኤ የሚጀምረውን እስኪጠፋ ድረስ ፈልጉ። በአሮጌው ዘዴ የተጻፉ የድርጊት ኮዶችም አብረው ይውጡ፤ አዲሱ አይሰማቸውም።

6. መሥራቱን ማየት

ድረ ገጹን በስልካችሁ ክፈቱ። በኮምፒውተር ደግሞ «ሪልታይም» የሚለውን ሪፖርት ክፈቱ። ያለፉትን 30 ደቂቃዎች ያሳያል፤ ራሳችሁን እዚያ ማየት አለባችሁ። እያንዳንዱን ድርጊት በተርታ ማየት ስትፈልጉ በታግ ማኔጀር «ፕሪቪው» ገጹን ክፈቱና አናሊቲክስ ውስጥ «ዲበግ ቪው»ን ተመልከቱ።

ከባሕር ዳር ገብታችሁ ካርታው አዲስ አበባ ቢላችሁ አትደንግጡ። ከተማ የሚገመተው ከኢንተርኔት አድራሻው ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይስታል። «ከጎጃም የሚገባልን የለም» ብሎ በከተማ ሪፖርት የሚወስን ሰው አይቻለሁ። አገርን እመኑ፣ ከተማን ተጠራጠሩ።

ሌላው ሪፖርት ወዲያው አይሞላም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ስጡት። በማግስቱ ባዶ ነው ብላችሁ ኮዱን ደግማችሁ አትለጥፉ።

7. በመጀመሪያው ቀን መነካት ያለባቸው

አንዳንድ ነገር ዛሬ ካልተነካ የሚያመልጥ ነው። ዋናው «ዳታ ሪቴንሽን» ነው። ዝርዝር መረጃ የሚቆየው ካልነካችሁት 2 ወር ብቻ ነው። ወደ 14 ወር ከፍ አድርጉት፤ ክፍያ የለውም። የተለመዱት የድምር ሪፖርቶች በዚህ አይነኩም። «ኤክስፕሎር» ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ የምትሠሩት ትንታኔ ግን ከ2 ወር በፊት ያለውን አያገኝም። አንድ ጥምቀትን ካለፈው ጥምቀት ጋር ለማነጻጸር ቢያንስ ከዓመት በላይ ያስፈልጋችኋል።

ከ14 ወር በላይ ለማስቀመጥ ወደ «ቢግኩዌሪ»፣ ወደ ጉግል የመረጃ ቋት፣ መላክ ይቻላል። በነጻ የሚሞከረው «ሳንድቦክስ» የባንክ ካርድ አይጠይቅም፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የገባው ሠንጠረዥ በ60 ቀን ይሰረዛል። የተላከውም ካገናኛችሁበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። ለትንሽ ድረ ገጽ በየወሩ አንድ ሲኤስቪ ማውረድ ይበቃል ባይ ነኝ።

የራሳችሁን መግባትና መውጣት አስወጡ። መደበኛው መንገድ የቢሯችሁን የኢንተርኔት አድራሻ «ኢንተርናል ትራፊክ» ብሎ መመዝገብና ማጣሪያ መክፈት ነው። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ ግን አድራሻው ይለዋወጣል፤ ማጣሪያው ዛሬ ይይዛችሁና ነገ ይለቃችኋል። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። የትም ሊንክ የሌለው፣ ሠራተኛ ብቻ የሚያውቀው ገጽ እከፍታለሁ። ያን ገጽ አንዴ የጎበኘ ስልክ ላይ ኩኪ፣ አሳሹ የሚይዘው ትንሽ ምልክት፣ ይቀመጣል። ኩኪው ካለ ታግ ማኔጀር «ትራፊክ ታይፕ» የሚለውን ፓራሜትር «ኢንተርናል» ብሎ ይልካል። ማጣሪያው የሚያየው ይህን ስለሆነ አድራሻ ቢለዋወጥም አይጨነቅም። ማጣሪያውን መጀመሪያ «ቴስቲንግ» ላይ አቆዩት፤ ሲያስተማምን ነው «አክቲቭ» የሚደረገው። አክቲቭ ሆኖ የጣለው መረጃ ተመልሶ አይገኝም።

በድረ ገጹ ላይ የምታስከፍሉ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ደንበኛው ወደ ክፍያ ገጽ ሄዶ ሲመለስ አናሊቲክስ «ይህ ሰው ከክፍያው ድረ ገጽ የመጣ ነው» ሊል ይችላል። ከቴሌግራም ያመጣችሁት ደንበኛ ስም ለክፍያ ገጹ ተሰጠ ማለት ነው። የክፍያውን አድራሻ «አንዋንትድ ሪፈራልስ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ አስገቡት።

የሰው መረጃ ላይ ጥንቃቄ ይኑር። የእንግዳ ስም፣ ስልክና ኢሜይል ወደ አናሊቲክስ መላክ የጉግል ደንብ ይከለክላል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ቅጹ ሲላክ የገጹ አድራሻ ላይ ኢሜይሉ ተቀጥሎ ሲመጣ ነው። አሁን እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። አውሮፓውያን ቱሪስቶች የሚገቡበት ገጽ ደግሞ ኩኪ ከማስቀመጡ በፊት ፈቃድ የሚጠይቅ ማሳወቂያ ይኑረው።

8. ድርጊቶቹን መሥራት

«ኢንሃንስድ ሜዠርመንት» የሚባለው ሲከፈት አንዳንዱ ያለ ሥራ ይመጣል። ገጽ መክፈት፣ ገጹን እስከ 90 በመቶ መውረድ፣ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ መጫን፣ ፋይል ማውረድ፣ ገጹ ውስጥ ያለ የዩቲዩብ ቪዲዮ ማየት፣ ውስጣዊ ፍለጋ። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝሩ ፒዲኤፍ ተፈታ። የቴሌግራም ምልክቱም ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክ ስለሆነ ይቆጠራል፤ ግን ከሌሎች የውጭ ሊንኮች ጋር ተደባልቆ ነው።

ስልኩ አይቆጠርም። የስልክ ሊንክ ወደ ሌላ ድረ ገጽ አይወስድምና። እኛ አገር ደግሞ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በስልክ ነው። ታግ ማኔጀር ውስጥ አዲስ «ትሪገር»፣ ቆጠራው መቼ ይነሳ የሚል ሁኔታ፣ ክፈቱ፤ ዓይነቱ የሊንክ ክሊክ ይሁን። ሁኔታው የተጫነው አድራሻ ቴል በሚለው ምልክት ሲጀምር የሚል ነው። ለእሱ ደግሞ አዲስ የጉግል አናሊቲክስ የኢቨንት ታግ ሥሩ። ለቴሌግራምም እንዲሁ አድርጉ፤ ሁኔታው አድራሻው የቴሌግራምን አጭር ሊንክ ሲይዝ ይሁን።

ስም አወጣጥ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስሙ በፊደል ይጀምር፣ ከ40 ፊደላት አይለፍ፣ ክፍት ቦታ አይኑረው፤ ቃላቱን በግርጌ ሰረዝ አያይዙ። ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል። አንዱ ሠራተኛ በትልቅ፣ ሌላው በትንሽ ቢጽፍ ሁለት ድርጊት ሆነው ይቀመጣሉ። ሁሌም በትንሽ ጻፉ ተባባሉ። ከአሮጌው «ካታጎሪ፣ አክሽን፣ ሌብል» የሚባሉትን ሦስቱን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል፤ አታድርጉት። ስሙ ድርጊቱን ይናገር። ዝርዝሩ፣ ለምሳሌ ከየትኛው ገጽ እንደተደወለ፣ በፓራሜትር ይሂድ። ራሳችሁ የፈጠራችሁትን ፓራሜትር ሪፖርት ላይ ለማየት «ከስተም ዳይሜንሽን» (የራሳችሁ የሪፖርት መለያ) አድርጋችሁ መዝግቡት። ምዝገባውም የሚሠራው ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻ ነው።

ቅጹን በተመለከተ፣ አውቶማቲክ የቅጽ ቆጠራውን ዘጋሁት። ተሳክቶ የተላከውንና እንዲሁ የተሞከረውን ሁልጊዜ አይለይልኝም። ይልቅ ቅጹ ሲላክ «እናመሰግናለን» የሚል የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ እንዲከፈት አድርጉ። ከዚያ አድሚን ውስጥ «ገጽ ሲከፈት፣ አድራሻው የምስጋናውን ገጽ ሲይዝ» የሚል አዲስ ኢቨንት ፍጠሩ። ኮድ አይጠይቅም። ስሙን ጉግል ራሱ ከሚመክራቸው ውስጥ «ጀነሬት ሊድ» የሚለውን ብትሰጡት ጥሩ ነው።

መጨረሻ ላይ ብር የሚያመጡትን ሦስቱን «ኪ ኢቨንት» በማለት ምልክት አድርጉባቸው። በአሮጌው ቆጣሪ «ጎል» (ግብ) ይባል የነበረው ቦታውን የለቀቀው ለእነዚህ ነው። መጀመሪያ «ኮንቨርዥን» ይባሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ስማቸው ተቀየረ። የቆየ የዩቲዩብ ትምህርት ስታዩ ይህ ግራ እንዳያጋባችሁ።

9. ቴሌግራምን ከጨለማ ማውጣት

ወደ እናታችን ጥያቄ ተመለስን። የደወለው ሰው ከየት መጣ?

ሪፖርቱን ስትከፍቱ «ዳይሬክት» የሚለው ከሁሉ ገዝፎ ታገኙታላችሁ። ቃሉ ሰውየው አድራሻውን በእጁ ጽፎ ገባ ያስመስላል። ማን ነው የእንግዳ ማረፊያ አድራሻ በቃሉ ይዞ የሚጽፈው? ብዙው ከቴሌግራም የመጣ ነው። ከአፕ ውስጥ ሊንክ ሲጫን ከየት እንደመጣ የሚናገረው ምልክት አብሮ ስለማይሄድ አናሊቲክስ ምንጩን አያውቅም። የማያውቀውን «ዳይሬክት» ይለዋል።

መፍትሔው ሊንኩ ላይ ምልክት ማሰር ነው። ዩቲኤም ይባላል። ሦስቱን ሙሉ፤ ሶርስ «ቴሌግራም»፣ ሚዲየም «ሶሻል»፣ ካምፔይን ደግሞ የለጠፋችሁበት ምክንያት፣ ለምሳሌ «ጥምቀት»። በእንግሊዝኛ ትንሽ ፊደል። ጉግል ይህን የሚሠራ ነጻ ቅጽ አለው፤ «ካምፔይን ዩአርኤል ቢልደር» ብላችሁ ፈልጉ። ለራሳችሁ ቻናል አንድ፣ ለአስጎብኚዎች ግሩፕ ሌላ፣ ለፌስቡክ ሌላ ሊንክ ይኑራችሁ። ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉ፤ አለበለዚያ የዛሬ ወር ራሳችሁ አታስታውሱትም።

በገዛ ገጻችሁ ውስጥ ካንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሚወስድ ሊንክ ላይ ግን ዩቲኤም አታስሩ። እንግዳው ከውጭ የመጣበትን ምንጭ ያጠፋባችኋል።

በወረቀት ለሚታተም ማስታወቂያም ይሠራል። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የሚለጠፈው ኪውአር ኮድ ውስጥ የራሱን ዩቲኤም አስገቡ። ዘጌ ለመሄድ ተራ የሚጠብቅ ቱሪስት እጁ ላይ ስልክ አለ፣ ጊዜም አለው።

10. ቁጥሩን ሲያነቡ

ጥቂት ነገሮች እንዳያደናግሯችሁ። አሮጌው «ዩዘርስ» ሲል ጠቅላላውን ነበር፤ አዲሱ በአብዛኛው ቦታ የሚያሳየው «አክቲቭ ዩዘርስ»ን ነው። በአማርኛ የገጽ አድራሻ ከተጠቀማችሁ አንዷ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆና ትመጣና ሪፖርቱ አይነበብም። በአድራሻ ፋንታ በገጽ ርዕስ እዩት፤ ርዕሱ በአማርኛ ጥርት ብሎ ይታያል።

ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። «20» ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ። ጥምቀትና ገና በየዓመቱ በፈረንጁም ያው ወር ላይ ስለሚውሉ ማነጻጸር ቀላል ነው። ፋሲካ ግን ይዞራል። ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር ብታነጻጽሩ አንዱ ጾም፣ ሌላው ፍስክ ሊሆን ይችላል። ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚወርድበት መስከረምና ጥቅምት ደግሞ በፈረንጁ ወር መሃል ላይ ይጀምራሉ፤ ቀኑን በእጅ ምረጡ።

አንድ ደብተር ያዙ። ኢንተርኔት የጠፋበትን ቀን፣ ሰርቨሩ የወደቀበትን፣ ዋጋ የተቀየረበትን፣ ማስታወቂያ የወጣበትን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ጻፉ። ያለዚያ ከዓመት በኋላ ግራፉ ላይ ጉድጓድ ታዩና ምክንያት ፍለጋ ትደክማላችሁ። እኛ አገር ጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ ጥፋት አይደለም።

የሚለቁት መሣሪያ የጉግል ካልሆነና ገና የሚሠራ ከሆነ ሁለቱን አንድ ወር ያህል ጎን ለጎን አሂዱ። ቁጥሮቹ እኩል አይሆኑም፤ የምትፈልጉት አብረው መውጣትና መውረዳቸውን ነው። መረጃውን በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ለሚፈልግ «ማቶሞ» አለ፤ ድሮ ፒዊክ ይባል የነበረው። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ካላችሁ መልካም ነው። ከሌላችሁ ራስ ምታት ይሆንባችኋል።

ወደ እናታችን ወረቀት

እሳቸው አናሊቲክስ ከፍተው አያዩም። ለምን ያያሉ? በጉግል የሪፖርት መሥሪያ በ«ሉከር ስቱዲዮ» አንድ ገጽ ሪፖርት ሠራሁላቸው። ስልክ የተጫኑ፣ ቴሌግራም የተጫኑ፣ ቅጽ የላኩ፣ ከየት እንደመጡ፤ በቃ። ርዕሶቹን በአማርኛ ጻፍኩ። ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ በፒዲኤፍ በኢሜይል እንዲደርሳቸው ቀጠሮ ያዝኩለት። ወረቀታቸው ተመለሰ።

የመጀመሪያው ሲደርሳቸው ደወሉ። «ልጄ፣ ስልክ ተጫኑ የሚለው እኔ ጋ ከደወሉት ይበልጣል። ማን ነው የዋሸው?»

ማንም አልዋሸም። ቆጣሪው የሚያየው ጣት ቁጥሩን መንካቱን ነው። ኔትወርክ እምቢ ያለው፣ ተጭኖ ሐሳቡን የቀየረ፣ ሁለቴ የነካ፣ በኮምፒውተር ተጭኖ የትም ያልደረሰ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ቁጥሩን ሳይጫን ጽፎ የደወለው ደግሞ የለበትም። ስለዚህ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ለሚደውል ሁሉ «ከየት አገኙን?» ብላ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ እንድትጨምር አደረግን። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን እናያለን።